ድራጎን ቦል ዜድ ለቁም ነገር ይበቃል ወይ?

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአማርኛ መምህራችን የሰጡን የቤት ሥራ አጭር ነበር። አንድ የጥበብ ሥራ ምረጡ፤ «ይህ ሥራ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» ለሚለው ጥያቄም በማስረጃ የተደገፈ መልስ ስጡ የሚል ነው። ልቦለድ የመረጡ ቡድኖች ነበሩ፤ ቴአትር የመረጡም ነበሩ። የእኛ ቡድን ተራው ደርሶ «ድራጎን ቦል ዜድ» ሲል ተማሪው ሁሉ አውካካ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ይገባዋል ካላችሁ አስረዱ፤ አይገባውም ካላችሁም አስረዱ» ብለው ወደሚቀጥለው ቡድን አለፉ።

የቡድናችን አባላት ስድስት ነን። ስንጀምር ሦስታችን «ይገባዋል»፣ ሦስታችን «አይገባውም» ብለን ነበር። ለሁለት ወር ያህል ተከራክረናል፤ አንዳንዴም ተኳርፈናል። የደረስንበትን እነሆ ለዓመታዊ መጽሔታችን አንባቢያን አቅርበናል።

ጥያቄው ለእኛ ቀልድ አይደለም። እዚህ ጅቡቲ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ከደጅ ሲያባርር ብዙዎቻችንን ያሳደገን ይኸው ተከታታይ ፊልም ነው። ከታላላቆቻችን በፍላሽ ወርሰን፣ በፈረንሳይኛ ትርጉሙ አየነው። አሁን ደግሞ ታናናሾቻችን ያዩታል። ወላጆቻችን በሳሎን በኩል ሲያልፉ የሚሰሙት ጩኸት ብቻ ስለሆነ «ይሄ ደግሞ ምን ያስተምራችኋል?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድራጎን ቦል ዜድ 291 ክፍሎች አሉት። አንዱን ክፍል በ24 ደቂቃ ብናሰላው በድምሩ ከ110 ሰዓት በላይ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ስንት መጽሐፍ ይነበብ ነበር? ስለዚህ የምንሰጠው ፍርድ በገዛ ልጅነታችን ላይ የሚሰጥ ፍርድም ነው። ለራሳችን እንዳናደላ ብለን የከሳሹን ወገን አስቀድመናል።

በመጀመሪያ ላላዩት በአጭሩ እንግለጽ። ጃፓናዊው ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል»ን ሾነን ጃምፕ በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከ1984 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በሥዕል ሲተርክ ቆየ። መነሻው «የምዕራቡ ጉዞ» የሚባለው ጥንታዊ የቻይና ተረት ነው። ጭራ ያለው ጎኩ የሚባል ልጅ፣ ሲሰበሰቡ ምኞት የሚፈጽሙ ሰባት ኳሶችን ፍለጋ ይዞራል። ቶኤይ አኒሜሽን የተባለው ድርጅት ታሪኩን ለቴሌቪዥን አዘጋጀው፤ የመጀመሪያው ተከታታይ 153 ክፍሎች ነበሩት፤ ቀልድና ጉዞም ይበዛበት ነበር። ያ በኤፕሪል 1989 እንዳለቀ በዚያው ወር «ዜድ» የሚል ፊደል ተጨምሮበት ሁለተኛው ተጀመረ፤ እስከ ጃንዋሪ 1996ም ዘለቀ። ጎኩ አድጎ፣ አግብቶ፣ የልጅ አባት ሆኗል። ወንድሙ ነኝ የሚል ሰው ከሰማይ ወርዶ «አንተ የምድር ልጅ አይደለህም፤ በጨቅላነትህ የተላክኸው የምድርን ሕዝብ እንድታጠፋ ነው» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ፀጉራቸው ይለወጣል፣ ተራራ ይናዳል፣ ፕላኔት ይፈነዳል።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ።

አንደኛው ክስ ርዝመቱ ነው። ፍሪዛ የተባለው ክፉ ገዥ ናሜክ የምትባለውን ፕላኔት ከሆዷ መትቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደምትፈነዳ ያውጃል። ያቺ አምስት ደቂቃ ወደ አሥር የሚጠጉ ክፍሎች ፈጀች። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቶሪያማ በሳምንት ጥቂት ገጾች ብቻ ይሥላል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በሳምንት አንድ ሙሉ ክፍል ማሳየት አለበት። ሠዓሊውን እንዳይቀድም ሲል ማዘግየት ነበረበት። ስለዚህ ተፋላሚዎቹ ይፋጠጣሉ፣ ድንጋይ ይንሳፈፋል፣ ካሜራው ወደ ተመልካቾቹ ፊት ይዞራል፣ ተመልሶም ይፋጠጣሉ። ይህ የሥራ ጫና ውጤት ነው፤ በጥበብ ስም ልንከላከልለት አንችልም።

ሁለተኛው ክስ ሞትን ማርከሱ ነው። ሰው ይሞታል፣ ኳሶቹ ይሰበሰባሉ፣ ሰውየው ይነሣል። ክሪሊንም ተነሥቷል፣ ፒኮሎም ተነሥቷል፣ ጎኩም ተነሥቷል። ከመካከላችን በጦርነት ዘመዶቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። በእነሱ ቤት ሞት በሰባት ኳስ የሚፈታ ነገር አይደለም። «አይገባውም» ያሉት ጓደኞቻችን በዚህ ነጥብ ላይ ሲናገሩ ሌሎቻችን ዝም ነው ያልነው።

ሦስተኛው ክስ የኃይል ቁጥር ነው። በታሪኩ መጀመሪያ የመጡት ጠላቶች የሰውን ጉልበት በቁጥር የሚያነብ መሣሪያ ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። ጠመንጃ የያዘ ገበሬ 5 ይሆናል። ፍሪዛ ሲመጣ 530,000 ነኝ ይላል፤ ያም ገና የመጀመሪያ መልኩ ነው። ጠላት በተሸነፈ ቁጥር የበለጠ ጠላት፣ ጀግና በደከመ ቁጥር የበለጠ ፀጉር ይመጣል። ፀጉሩስ? ቶሪያማ ራሱ እንደተናገረው፣ የጎኩ ጥቁር ፀጉር ወደ ወርቃማ የተለወጠበት አንዱ ምክንያት ረዳቱ ፀጉሩን በጥቁር ቀለም ለመሙላት የሚያጠፋውን ጊዜ ለማዳን ነው። የማንጋው ገጽ ባለ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ወርቃማ ፀጉር ማለት ያልተቀባ ፀጉር ማለት ነው። ከሳሾቹ «ያ ሁሉ ግርማ የቀለም ቁጠባ ሆኖ አረፈው!» ብለው ሳቁብን።

አራተኛው ክስ ሴቶችን ዳር ማስያዙ ነው። ቡልማ የኳስ መፈለጊያውን የሠራች የሳይንስ ሰው ናት፤ ሆኖም ጦርነቱ ሲጋጋል ዳር ላይ ቆማ ትጮኻለች። የጎኩ ሚስት ቺቺ በመጀመሪያው ተከታታይ በውድድር ሜዳ የተፋለመች ሴት ነበረች፤ በዜድ ግን ሥራዋ መቆጣት ብቻ ሆነ።

ከሳሾቹ አንድ የውጭ ምስክርም ጠርተዋል። የጃፓን ካርቱኖች በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ልጆችን በያዙበት ዘመን የፓርላማ አባል የነበሩት ሴጎሌን ሮያል በ1989 እ.ኤ.አ. ልጆች የሚያዩትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚተች መጽሐፍ አሳትመው የጃፓን ካርቱኖችን ዓመፅ ነቅፈዋል። ስለዚህ የእናቶቻችን ቅሬታ አዲስ አይደለም። ተከላካዮቹ መልሰው «ያችው ፈረንሳይ በ2019 ለቶሪያማ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሸልማዋለች» አሉ። በመጨረሻ ሁላችንም የተስማማነው ነቀፋውም ሆነ ኒሻኑ ለእኛ ሊፈርድልን እንደማይችል ነው። መፍረድ ያለብን ታሪኩን አይተን ነው።

መከላከያችንን ከጩኸቱ እንጀምር። ወላጆቻችንን በጣም የሚያሰለቻቸው ተፋላሚዎቹ ከመማታታቸው በፊት ለረጅም ጊዜ መናገራቸው ነው። ነገር ግን በሠርግና በበዓል ላይ ጎራዴውን ወይም ዱላውን እያወዛወዘ፣ የአባቱንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ የሚፎክር ሰው ስናይ ማን «ምነው ቶሎ ቢጨርስ» ይላል? ፉከራና ቀረርቶ ከውጊያው ያላነሰ ቦታ ነበራቸው። ፎካሪው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ ስለ ምን እንደሚዋጋ ይነግረናል። ጎኩና ቬጂታ ሲፋጠጡም የሚደረገው ይኸው ነው። ፉከራ ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ግን መጮኹ ብቻውን የከንቱነት ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥለን ስለዚያ የቁጥር መሣሪያ እንናገር። ከሳሾቻችን ታሪኩ ቁጥር ያመልካል አሉ። እኛ ደግመን ስናየው ተቃራኒውን አገኘን። መሣሪያውን የሚያምኑት ክፉዎቹ ናቸው። የጎኩ ወገኖች ጉልበታቸውን መደበቅ ይችላሉ፤ መሣሪያው «ይህ ሰው ምንም አይደለም» ሲል አምነው የቀረቡ ሁሉ ይሸነፋሉ። የጎኩ የትውልድ ሕዝብ ጨቅላዎችን ሲወለዱ ይመዝናል፤ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኘውን ወደ ደካማ ፕላኔት ይልካል። ጎኩ እንዲህ የተጣለ ልጅ ነው። ልዑሉ ቬጂታ ይህን እያነሣ ሲንቀው፣ ጎኩ ብዙ ከጣረ ዝቅተኛውም የተመረጠውን ሊበልጥ እንደሚችል ይመልስለታል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በአንድ ፈተና በሚወጣ ቁጥር ወዴት እንደምንላክ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ይህን ክፍል በልጅነታችን እንደ ድብድብ አይተነው ነበር፤ ዘንድሮ ግን እንደዚያ አላየነውም።

እርግጥ ታሪኩ ይህን ቃሉን እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። ወደ ኋላ ላይ የሚያሸንፉት የጎኩና የቬጂታ ዘር የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ሰው የሆኑት ጓደኞቻቸው፣ ምንም ያህል ቢጥሩ፣ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህ እውነተኛ ድክመት ነው። ግን ክሪሊንን ተመልከቱ፤ እንደማይችል እያወቀ በየጊዜው ይመጣል።

ሦስተኛው መከላከያችን ጎሃን ነው። ጎሃን የጎኩ ልጅ ሲሆን መጽሐፍ ይወዳል፣ ድብድብ አይወድም። ሴል ከተባለው ጠላት ጋር በተደረገው ውድድር ጎኩ እጁን ሰጥቶ ገና ልጅ የሆነውን ጎሃንን ወደ ሜዳ ያስገባል። ይባስ ብሎ ውጊያው ፍትሐዊ ይሁን ብሎ ለጠላት የሚያድን ፍሬ ይወረውርለታል። ልጁ ሲደበደብ አባት «ቢቆጣ ያሸንፋል» ብሎ ይጠብቃል። ያኔ ፒኮሎ ይቆጣዋል። ፒኮሎ የጎኩ የቀድሞ ጠላት ነው፤ በፈረንሳይኛው ትርጉም «ትንሹ ልብ» የሚል ስም ስለተሰጠው ስንስቅበት ነው ያደግነው። ጎሃን እንደ አባቱ ድብድብ እንደማይወድ፣ አሁን በልቡ የሚያስበውም «አባቴ ስቃዬን እያየ ለምን አይደርስልኝም?» የሚለውን ብቻ እንደሆነ ለጎኩ ይነግረዋል። ጎኩ በዚያች ደቂቃ ልጁን እንደማያውቀው ይገባዋል። የዓለም ጀግና የሆነ አባት፣ ልጁን የራሱ ግልባጭ አድርጎ በማየቱ ተሳሳተ። ልጁን በትክክል ያየው ባዕድ ነው።

ይህን ክፍል ስናይ ከመካከላችን ሁለቱ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። አንደኛው ቤተሰቡ «ሐኪም ትሆናለህ» ይሉታል፤ ሌላዋ «ሱቁን ትረከቢያለሽ» ይሏታል። ወላጆቻችን ክፉ አስበው አይደለም። ጎኩም ክፉ አላሰበም። በነገራችን ላይ «ልጄ ይማር» እያለች ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትጮኸው፣ ታሪኩም የሚስቅባት ቺቺ ናት። ጎሃን መጨረሻ ላይ የሆነው ግን ምሁር ነው። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች። ታሪኩ ይህን በግልጽ አይናገርም፤ እኛ ግን መዝግበነዋል።

አራተኛው መከላከያ ስለ ሞት ለቀረበው ክስ የምንሰጠው መልስ ነው። ቬጂታ ሕዝብ የጨረሰ ልዑል ነበር። በመጨረሻው ትልቅ ጦርነት ሚስቱንና ልጁን ለማዳን ራሱን በጠላቱ በቡ ላይ ሊያፈነዳ ይወስናል። ከመሞቱ በፊት ፒኮሎን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ በወዲያኛው ዓለም ከጎኩ ጋር እንገናኛለን ወይ ብሎ። ፒኮሎ አያባብለውም። ያለ ጥፋታቸው የሞቱ ብዙ ሰዎችን ገድሏልና ጎኩ ወዳለበት ቦታ እንደማይሄድ በግልጽ ይነግረዋል። ቬጂታ ይህን ሰምቶም ያደርገዋል። ጠላቱ ግን አልሞተም። አንድ መልካም ሥራ የትናንቱን ሁሉ አያጥብም፤ ሽልማት ባይኖረውም፣ ባይሳካም ግን መደረግ ነበረበት። ኳሶቹ በኋላ ቬጂታን መመለሳቸው እውነት ነው። ያም ሆኖ ይህች የፒኮሎ መልስ ሞትን የምታረክስ ሆና አላገኘናትም።

የመጨረሻውና ለእኛ ትልቁ ማስረጃ ከሁሉ የሚናቀው ሰው ነው፤ እሱም ሚስተር ሳታን። ሚስተር ሳታን የሰው ልጆች የትግል ሻምፒዮን ነው፤ በእነ ጎኩ ፊት ግን ምንም አይደለም። ሴልን የገደለው ጎሃን ሆኖ ሳለ «እኔ ነኝ» ብሎ በቴሌቪዥን ይዋሻል፤ ዓለምም አምኖት ለሰባት ዓመት በክብር ይኖራል። ልጆች ሳለን የሳቅ ምንጫችን ነበር።

ቡ የሚባለው ወፍራም ሮዝ ፍጡር ከተሞችን ሲያጠፋ ይህን ውሸታም ግደለው ብለው ይልኩታል። መግደል አይችልም። አገልጋዩ ይሆናል፤ ምግብ ያበስልለታል፣ ያጥበዋል። ቡ አንድ እግሩ የተሰበረ ቡችላ ያገኛል፤ ያድነውና ይወደዋል። ሚስተር ሳታን ጊዜ ጠብቆ «ሰው መግደል መጥፎ ነው» ይለዋል። ቡም «እንግዲያውስ አልገድልም» ይላል። በቃ። ያ ሁሉ ፀጉር የለወጠ ጀግና ያላስቆመውን ጥፋት፣ አንድ ፈሪ ሰው በምግብና በወዳጅነት አስቆመው። ከዚያ መግደልን ጨዋታ ያደረጉ ሁለት ጠመንጃ ያዦች መጥተው ቡችላውን ይመታሉ፣ በኋላም ሚስተር ሳታንን ይመታሉ። ቡ ሁለቱንም ያድናቸዋል። ንዴቱ ግን ከውስጡ ወጥቶ የባሰ ቡ ይሆናል። የተገኘው ሰላም በሁለት ጥይት ፈረሰ።

እኛ በዚህ ቀንድ በምንለው ምድር ስንኖር፣ ስንት ዕርቅ በአንድ ጥይት እንደሚፈርስ ለማወቅ የጃፓን ካርቱን አያስፈልገንም። ግን ይህን ነገር ለስምንት ዓመት ልጅ በሚገባው መንገድ የነገረ ሌላ ሥራ ጥቀሱ ስንባል፣ ስድስታችንም ቶሎ አልመጣልንም።

መጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። ቡን ለማጥፋት ጎኩ የሰው ሁሉ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ሰዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት ብቻ ይበቃቸዋል። ቬጂታ ይለምናል፤ አይሰሙትም። ጎኩ ይለምናል፤ አያውቁትም። ምድርን ስንት ጊዜ ያዳነ ሰው ለምድር ሰዎች የማይታወቅ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ሚስተር ሳታን ተቆጥቶ ይጮኻል፤ ድምፁን ያውቁታልና ዓለም ሁሉ እጁን ያነሣል። እውነቱን የሚያውቁት ተሰሚነት የላቸውም፤ ተሰሚነት ያለው ውሸታም ነው። ታሪኩ «ውሸት ጥሩ ነው» አይልም። ሕዝብ የሚሰማው የሚያምነውን ሰው እንደሆነ፣ ያን እምነት ያገኘ ሰውም አንድ ቀን ለሚገባው ነገር ሊያውለው እንደሚገባ ያሳያል። ጩኸቱን ሁሉ ችሎ የተቀመጠ ተመልካች የሚያገኘው መጨረሻ ብርቱው ብቻውን ያሸነፈበት አይደለም። ብርቱው ለብቻው አልበቃም።

እንግዲህ ፍርዳችን አምስት ለአንድ ሆኗል። አምስታችን «ድራጎን ቦል ዜድ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል፤ ሁሉም ክፍል ግን አይደለም» ብለናል። የተለየችው ጓደኛችን ሐሳብ ሳይጻፍ እንዲቀር አልፈለግንም። «መልካሙን ነገር ሁሉ ያገኛችሁት ከ110 ሰዓት ውስጥ መርጣችሁ ነው፤ እኔን የምትመስል ሴት ግን መርጣችሁም አላገኛችሁልኝም» ብላናለች። መልስ አላገኘንላትም።

ለታናናሾቻችን የምንመክረው ይህን ነው። 291ዱን ሁሉ ለማየት አትሟገቱ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ካይ» በሚል ስም የወጣው ቅጂ መዘግየቱን አብዛኛውን ቆርጦ ያወጣ ስለሆነ እሱን ምረጡ። ስታዩም «ማን አሸነፈ?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ ያዙ፤ ማን ተሳሳተ? ስህተቱን ማን ነገረው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? እነዚህን ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ያ ክፍል ጩኸት ብቻ ነውና እለፉት።

ለወላጆቻችንም አንድ ነገር እንበል። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ስለ ቡችላው ያለውን ክፍል ደግመን እያየን ነበር። የጓደኛችን እናት ቡና ይዘው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው «ይህን ጩኸት ቀንሱ» ሊሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ጩኸት አልነበረም። ረከቦቱን አስቀምጠው ቆመው አዩ፤ ከዚያም ተቀመጡ። ተኩሱ ሲሰማ «ውይ!» አሉ። ክፍሉ ሳያልቅ ቡናው ሊቀዳ ስለሆነ ተነሡና ከበሩ ላይ ዞር ብለው ጠየቁን፦

«ቡችላውስ ተረፈ?»

ተርፏል አልናቸው።